መጠይቅም እንደ ዘር ይፈተሽ

የተመሰከረለት የስንዴ ዘር ለገበሬው ከመከፋፈሉ በፊት ማሳው በተቆጣጣሪ ይታያል። ከዚያም ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ተወስዶ ንጽሕናው፣ እርጥበቱና የመብቀል ኃይሉ ይመረመራል፤ ለብቅለት ፈተናው ብቻ 400 ፍሬ ተቆጥሮ ይዘራል። ደረጃውን ያላሟላው ዘር ውድቅ ይሆናል። የዚህ ሥርዓት አስፈላጊነት ለማንም ግልጽ ነው፤ መጥፎ ዘር የገበሬውን የዓመት ልፋት ያጠፋልና።

ይሁን እንጂ የትኛው ዝርያ ለየትኛው ቀበሌ ምን ያህል ይዘጋጅ ተብሎ የሚወሰነው ብዙውን ጊዜ በመጠይቅ በተሰበሰበ ቁጥር ነው። ዘሩ ሲፈተሽ ዘሩን ያስመረጠው ቁጥር ግን ሳይፈተሽ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጠይቅም የጥራት ደረጃ ሊወጣለት እንደሚገባ፣ ፍተሻውም ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ገበሬው ደጃፍ ላይ መጀመር እንዳለበት ማሳሰብ ነው።

የኢተያና የአካባቢዋ ገበሬዎች ለጥናት እንግዳ አይደሉም። የቁሉምሳ ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1966 በአቅራቢያቸው ተቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ሥራ ጀመረ። ካዱ ሰብል በናሙና እያጨደ ምርት ይመዝን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ በኢተያ የኤክስቴንሽን አካባቢ የሚኖሩ ቤተሰቦችን የፍጆታ ሁኔታ ያጠናበትን ጽሑፍ አሳትሟል። ከእነዚህ ጥናቶች አንዳንዶቹ ለድርጅቱ ራሱ የማይመቹ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ጥናት የትራክተር እርሻ ሲስፋፋ ጭሰኞች ከያዙት መሬት እየተነቀሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ጥናት ዋጋ የሚኖረው እንዲህ ያለውን እውነት ሳይሸሽግ ሲያወጣ ነው። ለዚህ የሚበቃ ቁጥር ለማግኘት ግን ከዚህ በታች ያሉት አራት ነገሮች ሊጤኑ ይገባል።

1ኛ/ ጥያቄው ለገበሬው ምን ማለት ነው?

ብዙ መጠይቆች በእንግሊዝኛ ይነደፋሉ፤ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፤ ማሳው ዳር ሲደርስ ደግሞ መረጃ ሰብሳቢው በቃሉ ወደ ኦሮምኛ ይመልሳቸዋል። «ምርጥ ዘር ተጠቅመዋል ወይ?» የሚለው ቀላል ይመስላል። በኦሮምኛ «ሰኚ ፊለተማ» ሲባል ግን አንዱ ገበሬ ዘንድሮ ከኅብረት ሥራ ማኅበር በገንዘብ የገዛውን ብቻ ያስባል። ሌላው ከሦስት ዓመት በፊት ከጎረቤቱ በልዋጭ አግኝቶ እስካሁን የሚዘራውን ጭምር ይቆጥራል። ሁለቱም ዋሽተው አይደለም፤ የተጠየቁት አንድ ጥያቄ ስላልሆነ ነው።

የዝርያ ስምም እንደዚሁ ነው። በ2009 ዓ.ም. የመኸር ወቅት ከዋና ዋና ስንዴ አምራች ክልሎች ማሳዎች የተወሰደ ናሙና በዘረ መል ምርመራ ሲለይ፣ ገበሬው የጠራው ስምና ምርመራው ያሳየው ዝርያ በብዙ ቦታ ሳይስማሙ ቀርተዋል። ይህ እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በኩብሳና በገለማ ዝርያዎች ላይ ብርቱ ጉዳት አድርሷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር በአርሲና በባሌ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ አጥቅቷል። ዋግ በመጣ ጊዜ የትኛው ዝርያ በየትኛው ቀበሌ እንዳለ የሚያሳየው መዝገብ የተሳሳተ ከሆነ ማስጠንቀቂያውም መድኃኒቱም ያለ ቦታቸው ይሄዳሉ።

2ኛ/ መለኪያው ምንድን ነው?

ጥማድ በመሠረቱ የሥራ መለኪያ ነው፤ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰውን ያመለክታል። ስለሆነም ዋልካ አፈር ላይ ያለው ጥማድ ከቀላል አፈሩ ጥማድ ጋር ላይተካከል ይችላል። ለምሳሌ አንድ ገበሬ «4 ጥማድ ዘርቼ 36 ኩንታል አገባሁ» ቢልና ተመራማሪው 4ቱን ጥማድ 1 ሄክታር ብሎ ቢይዝ፣ ምርቱ በሄክታር 36 ኩንታል ይሆናል። የዚያ ሰፈር ጥማድ ተለክቶ 0.3 ሄክታር ሆኖ ቢገኝ ግን ማሳው 1.2 ሄክታር፣ ምርቱም በሄክታር 30 ኩንታል ነው። ገበሬው ያገባውን ኩንታል በትክክል ተናግሯል፤ በተለይ በኮምባይን ያሳጨደ ሰው በኩንታል ስለሚከፍል ቁጥሩን አይስተውም። የ6 ኩንታሉ ልዩነት የመጣው ከመሬቱ በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በምዕራብ አርሲ፣ በምሥራቅ ወለጋና በቦረና ዞኖች በተካሄደ ሙከራ አንድ ማሳ በገበሬው ግምት፣ በገመድና ኮምፓስ፣ እንዲሁም በጂፒኤስ ተለክቶ ነበር። ሁለቱ መሣሪያዎች የሰጡት ውጤት ሲቀራረብ ግምቱ ግን ራቅ ብሎ ተገኝቷል።

መሣሪያ የያዘ ሰውም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ለብርዕ ሰብሎች የሚታጨደው ናሙና 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ማለትም 16 ካሬ ሜትር ነው። ገመዱ ላልቶ ከውጭ ያለው አገዳ ወደ ውስጥ ገብቶ 1 ኪሎ ቢጨምር፣ በሄክታር ሲሰላ 625 ኪሎ፣ ማለትም ከ6 ኩንታል በላይ ይሆናል። ከአዲስ ዝርያ የሚጠበቀው ብልጫ አንዳንድ ጊዜ ከዚህ አይበልጥም።

3ኛ/ የተጠየቀው ማን ነው?

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ በኢተያ ያልፋል። መኪና የያዘ አጥኚ ቡድን ከዚህ መንገድ ብዙ ሳይርቅ የሚፈልገውን ያህል ገበሬ ያገኛል። በጭላሎ ተራራ በኩል፣ ገብስና ባቄላ በሚበዛበት ደጋ የሚኖረው ግን ይቀራል። በሜዳውም ቢሆን ቡድኑን የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ሞዴል የተባለው ገበሬ ነው፤ እርሱ ማዳበሪያውንም ዘሩንም አስቀድሞ ያገኘ ነው። የእርሱ መልስ የሁሉም መልስ ተደርጎ ሲጻፍ ድሃው ገበሬ፣ የሰው መሬት በእኩል የሚያርሰው ወጣትና ባሏ የሞተባት እናት ከመዝገቡ ውጭ ይሆናሉ። ደግሞም ጎተራውን፣ ወተቱንና ዶሮውን የምታውቀው የቤቱ እመቤት ሆና ሳለ አባወራው ብቻ ስለ ሁሉም ይጠየቃል።

4ኛ/ መልሱ ምን ያስከትልበታል?

ገበሬ ለሚጠየቀው ሁሉ መልስ ከመስጠቱ በፊት «ይህ ነገር ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ያስባል፤ ማሰቡም ትክክል ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ጭሰኛው ምርቱን በግልጽ ቢናገር የባለርስቱ ድርሻ ትዝ ይለዋል። በደርግ ዘመን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚገባው የእህል ኮታ ስለነበረ ብዙ አመረትኩ ማለት ብዙ አስረክባለሁ ማለት ነበር። ዛሬም የመሬት ግብር፣ የማዳበሪያ ድልድልና የእርዳታ ነገር አለ፤ አንዱ ዝቅ አድርጎ ሌላው ከፍ አድርጎ ለመናገር ምክንያት አያጣም። ስለዚህ ግብር ከሚሰበስበው ወይም ብድር ከሚያስመልሰው ሰው ጋር አብሮ የገባ መረጃ ሰብሳቢ እውነተኛ ቁጥር እንዲነገረው መጠበቅ የለበትም።

ምን ይደረግ?

በእኔ አስተያየት በምርምር ተቋማትና በግብርና ጽሕፈት ቤቶች የሚካሄድ ማንኛውም የገበሬ ጥናት ቢያንስ የሚከተሉትን ካላሟላ ውጤቱ ለምክርና ለዕቅድ ባይውል ይሻላል።

ሀ/ መጠይቁ ገበሬው በሚናገረው ቋንቋ በጽሑፍ ይዘጋጅ። ከሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ተመልሶ ትርጉሙ ይመሳከር። ከዋናው ጥናት በፊትም በጥቂት ቤተሰቦች ላይ ይሞከር።

ለ/ በየቀበሌው ጥማድ፣ ቁናና የመሳሰሉት መለኪያዎች አስቀድመው ይለኩ፤ ይመዘኑም።

ሐ/ ተጠያቂዎች ከቀበሌው ሙሉ ዝርዝር በዕጣ ይመረጡ። በመንገድ ቅርበት ወይም በመሪዎች ጥቆማ አይመረጡ።

መ/ ከ10 ቤተሰቦች አንዱን ሌላ ሰው ተመልሶ በጥቂት ዋና ጥያቄዎች ይጠይቅ። መልሶቹ በእጅጉ ከተለያዩ የዚያ ሰብሳቢ ሥራ በሙሉ ይታይ።

ሠ/ የጥናቱ ዓላማ ለገበሬው አስቀድሞ ይነገር፤ ስሙ ይጠበቅ፤ ውጤቱም በቀበሌ ስብሰባ ተመልሶ ይነገረው።

ይህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ወጪው የሚቀንስበት መንገድ አለ፤ እርሱም ጥያቄዎቹን መቀነስ ነው። ዛሬ አንዳንድ መጠይቅ ገበሬውን ግማሽ ቀን ያስቀምጠዋል፤ ያውም በአረም ወይም በአጨዳ ሰዓት። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ጠያቂውም ተጠያቂውም ደክመው የመጣውን ቁጥር ይሞላሉ። በደንብ የተፈተሹ 40 ጥያቄዎች በችኮላ ከተሞሉ 200 ጥያቄዎች ይበልጣሉ። ጠያቂው በወረቀት ፈንታ ታብሌት ቢይዝም ነገሩ ያው ነው፤ መሣሪያው ያልተሞላ ቦታን ያሳያል እንጂ የተሳሳተ መልስን አያርምም።

ከአምስቱ ነጥቦች በቀላሉ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። የኢተያ ገበሬ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲጠየቅ ኖሯል። ከመልሱ ምን እንደተገኘ ግን ብዙ ጊዜ አልሰማም፤ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖበታል። ውጤቱን ቢሰማ ስሕተቱን ያርማል፤ «የእኛ ሰፈር ጥማድ ይህን ያህል አይደለም» ይላል። ከዚህ የበለጠ ፈታሽ የትም አይገኝም። ስለሆነም የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ተመራማሪዎች በመጪው መኸር መጠይቅ ይዘው ከመውጣታቸው በፊት ባለፈው መኸር የሰበሰቡትን ይዘው ወደ ገበሬው ይመለሱ።