የመጀመሪያው የዱር አዳር የት ይሁን?

ከከተማ ሁካታ ተለይቶ አንዲት ሌሊት በዱር ውስጥ፣ በድንኳን ጥላ ሥር ለማደር የሚመኘው ሰው ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ መምጣቱን እንደ መልካም ነገር እመለከተዋለሁ፤ ኅሊናው በመኪና ጥሩምባና በስልክ ጥሪ ሲባክን የሚውል ሰው፣ ለጥቂት ሰዓት እንኳ በጽሞና ተቀምጦ ነፋስ በቅጠል መካከል ሲያልፍ ቢያዳምጥ፣ ለነፍሱም ለሥጋውም የሚበጅ ዕረፍት ያገኛልና። የሚያሳዝነው ይህን ቅን ምኞት ይዞ ለሚነሣው ጀማሪ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ ምኞቱን የሚያጨናግፍ መሆኑ ነው። አንዱ ወዳጁ «ራስ ደጀንን ካልወጣህ ተራራ አየሁ አትበል» እያለ፣ ትንፋሽ በሚያጥርበትና ውርጭ በሚወርድበት ከፍታ ላይ እንዲጀምር ይገፋፋዋል፤ ሌላው ደግሞ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከድምፅ ማጉያና ከሌሊት ጭፈራ ጋር ወደሚራገፍበት ሜዳ ይወስደዋል። የፊተኛው ከዐቅሙ በላይ ስለሚሆንበት፣ በኋለኛውም የሸሸው ከተማ ተከትሎት ስለሚመጣ፣ ብዙው ጀማሪ በአንድ ሌሊት ተማርሮ ድንኳኑን ይጠቀልልና ከአልጋ ሥር ይወረውረዋል፤ ዳግመኛም አያወጣውም።

እኔ የምለው ለመጀመሪያ አዳር የሚመረጠው ስፍራ ከመንገድ ብዙ ያልራቀ፣ ነገር ግን ከመንገድ የተሰወረ፣ ባለቤቱም ታውቆ ፈቃዱ የተጠየቀበት ይሁን ነው። ጸጥታ የሚገኘው በርቀት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም ሰው ከመኪናው ወርዶ ብዙ ስለማይሄድ፣ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድና በመካከል የቆመች አንዲት ኮረብታ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ በመኪና ተጉዘው ከሚደርሱበት ሩቅ ሜዳ ይልቅ አብልጠው ይሰውራሉ። የቀደሙት አበው እንኳ ዓለምን ንቀው ለብሕትውና ሲወጡ ስፍራቸውን በዘፈቀደ አልመረጡም። ገዳማቶቻችን የተቀመጡበትን ምድር ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ ውኃው የቀረበ፣ ነፋሱ በገደል ወይም በዛፍ የተከለለ፣ ምእመናን እህልና ዕጣን ይዘው በእግራቸው ሊደርሱበት የሚችሉ መሆኑ ይገለጥለታል፤ ደብረ ሊባኖስም በገደሉ ግርጌ ከሜዳው ሰው ዐይን ተሰውሮ ሳለ፣ ጸበሉ አጠገቡ ነው፤ ወደ እርሱ የሚወርደው ሕዝብም አልተቋረጠም።

ከቤተ መንግሥት ታሪክም የሚጠቀስ አለ። ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ራስ ላይ በሰፈሩ ጊዜ ቦታው ዙሪያውን ለመቃኘትና ጠላትን ለመከላከል የተመቸ ነበር፤ ነገር ግን ብርዱ የጸና፣ ነፋሱ የበረታ፣ ማገዶውም እያደር የሚያንስ ስለሆነ፣ እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ሥር ያለውን የፍል ውኃ ሜዳ ወደዱትና በ1879 ዓ.ም አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ድንኳን ተክሎ በመኖር እጅግ የሠለጠነ ሠራዊትና መኳንንት ከከፍታው ክብር ይልቅ የታችኛውን ምቾት ከመረጠ፣ ትናንት ድንኳን የገዛ ወጣት ከተራራ ጫፍ ልጀምር ማለቱ ምን ያስገድደዋል?

ለጀማሪ የሚሆነውን ስፍራ ጥራ ብባል ሳላመነታ ዲንሾን እጠራለሁ። ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ወደ ሮቤ የሚሄደው አውቶቡስ መካከሏን አቋርጦ ያልፋልና የራስ መኪና የሌለውም ሰው አይቸገርም። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም ተቋቁሞ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ከከተማዋ ወጥቶ በእግር ጥቂት የተጓዘ ሰው ጥድና ኮሶ፣ በመካከላቸውም አምጃ የበቀለበት ኮረብታ ውስጥ ይገባል፤ ድንኳን የሚተከልበትም መስክ በዚሁ ደን ዳር ነው። የገበያው ድምፅ ከዛፎቹ ወዲያ ይቀራል፤ ግን በሌሊት አንድ ሰው ቢታመም ወይም የድንኳኑ ምሰሶ ቢሰበር፣ የፓርኩ ስካውትም፣ ጣሪያ ያለው ቤትም፣ አስፋልቱም በቅርብ አሉ። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

የዚያን ስፍራ ንጋት ያየ ሰው ስለ ቅርበቱ አይነቅፈውም። ፀሐይ ገና ከኮረብታው ሳትዘልቅ፣ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ሳለ፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የማይገኘው የደጋ አጋዘን ከጥዶቹ መካከል ይወጣል፤ ወንዱ ጠምዛዛ ቀንዱን ወደ ኋላ አድርጎ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ቆም ይልና ጆሮውን ወደ ድንኳኑ ይመልሳል፤ ማንም ካልተንቀሳቀሰ ራሱን ዝቅ አድርጎ መጋጡን ይቀጥላል። ሩቅ አገር ሄደው፣ ብዙ ገንዘብ አውጥተው፣ ይህን ያህል ቀርበው ያላዩ ብዙ ናቸው። ከርከሮም ከነግልገሎቹ በመስኩ ላይ ይመላለሳልና እህልና ሥጋ በድንኳን ውስጥ ወይም በደጃፉ መተው አይገባም፤ በተከደነ ዕቃ አድርጎ ለስካውቱ ቤት አደራ መስጠት ይሻላል።

ስለ ከፍታው ግን መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፣ ከቆላ ወይም ከስምጥ ሸለቆ በአንድ ቀን የወጣ ሰው ራሱን ሊያመው፣ እንቅልፍም ሊነሣው ይችላል፤ ስለዚህ በመንገዱ ዶዶላ ወይም አዳባ አንድ ሌሊት ቢያድር ሥጋው ይለምድለታል። ዝናቡ የሚያርፍበት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ የተመረጠ ቢሆንም፣ ሰማዩ ጠርቶ የሚያድረው በዚያው ወራት ስለሆነ ብርዱም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ጀማሪው ከላይ የሚደርበውን ሲያበዛ ከታች የሚነጥፈውን ይረሳል፤ ከሰው ገላ ሙቀትን የሚመጠው ግን መሬቱ ነውና፣ ከመኝታ ከረጢቱ በታች ወፍራም ስፖንጅ ያላነጠፈ ሰው ሦስት ጋቢ ቢደርብም ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ደግሞ በቦታው ውስጥ ቦታ መምረጥ ይከተላል፤ ሌሊቱ የሚቀናው ወይም የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት መድረስ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ምድርን በባትሪ ብርሃን መመርመር አይቻልምና። ከሁሉ በፊት ወደ ላይ መመልከት ይገባል፤ ያረጀ የኮሶ ቅርንጫፍ ነፋስ ሳይኖር እንኳ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ከደረቀ ግንድ ሥር ድንኳን አይተከልም። ቀጥሎ ወደ ታች ነው። የሸለቆ ወለል ለዐይን ደስ የሚያሰኝ ለስላሳ ሜዳ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውኃ እየፈሰሰ ወደዚያ ይወርዳል፤ ጠልና ውርጩም እዚያው ይከማቻል። ከወለሉ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ግን ለነፋስ ያልተጋለጠ ገባ ያለ መሬት ይመረጣል። ከዚያ በኋላ፣ ካስማ ከመመታቱ አስቀድሞ፣ ሰውየው በሚያድርበት አኳኋን በባዶ መሬት ላይ በጀርባው ይተኛ፤ ዐይኑ ሜዳ ነው ያለውን ምድር ጀርባው ሥርና ጠጠር መሆኑን ይነግረዋል፤ ደሙ ወደ ራሱ የሚወርድ ከመሰለውም ተነሥቶ ራሱን ወደ ዳገቱ ያዙር። ሣሩ ወደ አንድ ወገን ተኝቶ፣ ደቃቅ አሸዋና ቅጠል ተከምሮበት ከታየ፣ ጎርፍ ያለፈበት መንገድ ነውና ሌላ መፈለግ ነው። ከወንዝም ሰባ እርምጃ ያህል መራቅ ተገቢ ነው፤ ለሰው ደኅንነት ብቻ ሳይሆን፣ በሌሊት ሊጠጡ ለሚወርዱት እንስሳትና ከታች ውኃውን ለሚቀዱት ሰዎችም ሲባል። ያ ጥርት ያለ የተራራ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣ፤ በዚያ ከፍታ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ሊቆይ ይገባዋል።

አሁን ወደ ባለቤቱ ጉዳይ ልመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ ይህ ያሳስበኛልና። በአገራችን ባለቤት የሌለው ምድር የለም። ባዶ የሚመስለው ሜዳ የአንድ መንደር ግጦሽ ነው፤ ደኑ ንብ የተሰቀለበት፣ ምንጩ ከብት በተራ የሚጠጣበት ነው። ብቸኝነትን የፈለገ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ጥግ ይዞ ቢያድር፣ እረኞቹ በጥርጣሬ ያዩታል፤ ጥርጣሬያቸውም የሚፈረድበት አይደለም። በጽሕፈት ቤቱ ተመዝግቦ፣ የሚገባውን ክፍያ ከፍሎ፣ የአገሩን ተወላጅ መንገድ መሪ አድርጎ፣ ያገኘውን ሽማግሌ በራሱ ቋንቋ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ቢያቀርብ ግን፣ ሌሊቱን ሁሉ ሳያየው የሚጠብቀው ሰው አገኘ ማለት ነው። የአካባቢው ጸጥታ እንዴት እንደ ሰነበተም ከመነሣቱ በፊት ከዚያው ከሚኖሩት ይጠይቅ፤ በእነዚህ ዓመታት መንገድ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል፤ ጉዞን ማስተላለፍም ነውር የለበትም።

እሳትን በሚመለከት ልመናዬ ጽኑ ነው። በ1992 ዓ.ም በባሌ የተነሣው ቃጠሎ ሰፊውን የአስታ ጫካና ደን እንደ በላ የሚያስታውስ ሰው፣ ለአንድ ምሽት ጨዋታ ሲል ደመራ የሚያህል እንጨት ሊያነድ አይደፍርም፤ ራትና ቡና በትንሽ የቡታጋዝ ምድጃ ይበስላሉ፤ ብርዱም በልብስ ይመከታል። ውሻም ይዞ መሄድ አይገባም። በዓለም ላይ ቁጥሩ ከ500 በታች እንደሆነ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ ከግማሽ በላይ የሚኖረው በእነዚህ ተራሮች ላይ ሲሆን፣ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ገብቶ ፈጅቶታል።

በዲንሾ ሁለት ሌሊት በደኅና ያደረ ሰው፣ ሦስተኛውን በወብ ሸለቆ ቢመኝ፣ ፈረስና መንገድ መሪ ተከራይቶ ቢሄድ አይቆጨውም። በዚያ ከፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ አጠገብ ያለውን የዋሻ ጥላ ሲያይ፣ ከእርሱ በፊት ማን እንዳደረበት ይወቅ፤ በ2011 ዓ.ም የታተመ የሊቃውንት ጥናት እንዳስረዳው፣ ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ሰዎች በዚያ ጥላ ሥር እሳት አንድደው፣ ከሜዳው የያዙትን ግዙፍ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ ስፍራው ከ3,400 ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ፣ ከነፋስ የተጠለለና ወንዝ የቀረበው ስለነበረ መረጡት። ሰነጢ ሜዳና ከ4,300 ሜትር በላይ የሆነው ቱሉ ዲምቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ዐቅሙና ጊዜው ለባሌ የማይበቃው የአዲስ አበባ ሰው፣ በወጨጫ ተራራ ጎን ያለውን የመናገሻ ሱባን ደን ያስብ፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ባስመጡት የጥድ ዘር እንዳስተከሉት የሚነገርለት ይህ ደን፣ ጠዋት ተነሥተው ከምሳ በፊት የሚደርሱበት ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ሰው ይበዛበታልና፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ የሄደ ጉሬዛውን ሳይሻማ ያያል።

ለፓርኮች አስተዳዳሪዎች የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለኝ። በየማደሪያው መስክ ላይ ሁሉም በአንድነት ከሚደባለቅ፣ ለብዙ ሰው ቡድን የተለየ ስፍራ ተሰጥቶ፣ ከእርሱም ራቅ ብሎ ለሁለትና ለሦስት ሰው የሚሆን፣ ድምፅ ማጉያ የማይገባበት ጥግ ቢከለል፣ የሚጠይቀው ወጪ አንድ የእንጨት ምልክትና አንድ ደንብ ነው። ደንቡንም የሚያስከብሩት ስካውቶች አሁንም እዚያው አሉ፤ የጎደላቸው ሥልጣኑ በጽሑፍ መሰጠቱ ብቻ ነው።