«አንድም» የማይሉ ተርጓሚዎች

የአብነት ተማሪ በደንብ የሚያውቃት አንዲት ትንሽ ቃል አለች፤ «አንድም» ትባላለች። የመጻሕፍት መምህሩ አንዱን ንባብ ይፈታና «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ይፈታዋል። ደግሞ «አንድም» ብሎ ሦስተኛ ይጨምራል። የኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንድምታ መባሉም በዚሁ ነው። መቼም የኛ ሰው ሰምና ወርቅ ሲፈለፍል ያደገ ነው እየተባለ ይወደሳል። ታዲያ ጎበዝ፣ ዘፈን ላይ ስንደርስ ያቺ «አንድም» የት ገባች?

ይህን ያስጠየቀኝ አንገር ጉቲን ነው። ከነቀምት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። ወላጆቼ በደርግ ዘመን ከወሎ ሄደው ከሰፈሩት መካከል ናቸው፤ እኔም ያደግሁት እዚያው፣ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ ሲደባለቅ እየሰማሁ ነው። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ለዘመድ ጥየቃ ወረድኩ። የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም በሚያዝያ ወጥቶ የአገሩ ወሬ ሁሉ እሱ ነበር። የቢልቦርድን የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ይዟል እየተባለ ታክሲውም ሻይ ቤቱም ሌላ ነገር አያሰማም።

አንዲት ወሎዬ እናት ሻይ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ሁለት ወጣቶች ክርክር ገጠሙ። አንዱ «ይኼ አልበም እንዲሁ የዘፈን ጥርቅም እንዳይመስልህ! ከአናቱ እስከ ጅራቱ አንድ ዓላማ አለው፤ የድሮዋን አገር ሊመልስልን ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «እኛስ ዝጉት የምንለው ለዚሁ አይደል?» ይላል። ልብ አድርጉልኝ! ሁለቱ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ በትርጉሙ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው አንዱ ማጨብጨቡ፣ ሌላው መናደዱ ብቻ ነው።

እኔም አላስችል ብሎኝ «ለመሆኑ ስንቱን ዘፈን ሰማችሁት?» አልኳቸው። ደጋፊው ሁለት ነው አለ። ተቃዋሚውማ «ምን ልሰማ? ርዕሱን አይቻለሁ!» ብሎ ገላገለኝ። እትዬ ሻይ ጭልፋቸውን አስቀምጠው ማጫወቻውን ዘጉትና «ልጆቼ፣ እኔ የምነግደው ሻይ ነው፤ በናታችሁ ጠጡና ሂዱልኝ» አሉ። እሳቸው ከዘፈኑ በፊት የትርጉሙን መዘዝ ሰምተዋል።

እዚያው አልበም ውስጥ «ማር እስከ ጧፍ» የሚባል ዘፈን አለ። የተቀዳው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የበዛብህና የሰብለወንጌል ፍቅር ማለት ነው። ያ ልብ ወለድ መሳፍንቱንና መኳንንቱን ሲሸነቁጥ የኖረ መጽሐፍ አይደለም እንዴ? «የድሮዋን አገር ሊመልስ ነው» ባዩ ይህን የት ሊያደርገው ነው? አልሰማውማ!

ነገሩ በ2009 አልተጀመረም። በ2004 ዓ.ም. «ጥቁር ሰው» ሲወጣ ርዕሱን የሰጠው ዘፈን ስለ ምኒልክና ስለ ዓድዋ ነበር። ምኒልክ ሲባል ዓድዋ የሚታየው ሰው አለ፤ አንድም አኖሌ የሚታየው ሰው አለ። ሁለቱም እናትና አባቱ የነገሩትን ይዞ ነው የሚሰማው። እዚህ ላይ ቁጭ ብሎ መነጋገር በተገባ ነበር። ምን ሆነ? በ2006 ዓ.ም. ዘፋኙ ለአንድ መጽሔት ተናገረው የተባለ፣ እሱ ግን አላልኩም ያለው አረፍተ ነገር ተመዘዘ። ከነቀምት በስተደቡብ በበደሌ ከተማ የሚጠመቀው በደሌ ቢራ «ወደ ፍቅር ጉዞ» የተባለውን የኮንሰርት ዙር ሊደግፍ ነበርና ቢራው አይጠጣ የሚል ዘመቻ ተነሣ። ኩባንያው ውሉን አፍርሶ ወጣ። የፍቅር ጉዞ ሳይጀመር ቀረ! ቢራ አልጠጣም ማለት የማንም መብት ነው፤ እሱን አልነካም። እኔን የሚቆጨኝ ከአልበሙ ይልቅ አላልኩም የተባለው ቃል መተርጎሙ ነው።

መንግሥትስ? እሱማ ትርጓሜውን በፖሊስ ነው የሚጽፈው! በ1997ቱ ምርጫ ሰሞን «ያስተሰረያል» የሕዝብ መፈክር ሲሆን ቤተ መንግሥቱ የሰማው ይቅርታን ሳይሆን አመፅን ነበር። በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ደግሞ የ«ኢትዮጵያ» አልበም ምረቃ በሒልተን ሆቴል ሊካሄድ ሲል በፖሊስ ተከለከለ። ስሙ ራሱ «ኢትዮጵያ» የሆነን አልበም በኢትዮጵያ መዲና ማስመረቅ አልተቻለም። ወይ ጉድ!

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን፣ አማርኛ ብቻ ወደምንሰማው እንምጣ። የቴዲን አንዲት ስንኝ አሥር ጊዜ የምንፈታ ሰዎች፣ የሃጫሉ ሁንዴሳን ዘፈን ስንቶቻችን አስተርጉመን ሰማን? «ሰኚ ሞቲ» የእስር ቤት ፍሬ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው «ማላን ጅራ» ላዩን የመለያየት እንጉርጉሮ ነው፤ አንድም ከአዲስ አበባ ዙሪያ መሬቱን የተነጠቀ ገበሬ ለቅሶ ነው። ኦሮምኛውም ሰምና ወርቅ አለው እኮ! እኛ ግን ዜማውን እየወዘወዝን ትርጉሙን «የነሱ ነገር» ብለን አለፍነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ በጥይት ሲገደል፣ ከዚያም ተከትሎ የብዙ ንጹሃን ደም ሲፈስ፣ ያን ጊዜ «ምን ሲል ነበር?» እያልን መጠየቅ ጀመርን። ከረፈደ!

ዘፈን ሰው ገደለ አላልኩም። ሰው የገደለው ጠመንጃ የያዘ ነው፤ ያላስጣለው ደግሞ ሥልጣን የያዘው ነው። በ2013 ነሐሴ ኪረሙ፣ ሰኔ 11 ቀን 2014 ጊምቢ ቶሌ ላይ ያለቁት ምን ዘፈን እንደሚያዳምጡ የጠየቃቸው የለም። በዚያው ሰኔ ቴዲ «ናዕት»ን ሲለቅ ግን፣ ሬሳው ገና ሳይቀበር እንደ ልማዳችን «ለማን አልቅሶ ነው? ማንን ነክቶ ነው?» ወደሚለው ገባን። ለቅሶን እንኳ በወገን ሸነሸንነው!

ስለዚህ ጌቶች ሆይ፣ አልበም መተርጎም የካድሬ ሥራ አይደለምና እጃችሁን አንሡ። ደጋፊዎችም ሆናችሁ ነቃፊዎች፣ መጀመሪያ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ስሙ። ከዚያ ተርጉሙ፤ ተከራከሩም። ብቻ ስትጨርሱ «አንድም» በሉ። «አንድም» የምትል ምላስ ለጎረቤቷም ወንበር ትተዋለች።

እኚያ እናት ዛሬ የት እንዳሉ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በአንገር ሸለቆ ስንቱ ተፈናቅሏል። በሕይወት ካሉና ሻይ ቤታቸው ዳግም ከተከፈተ፣ ሁለቱንም አልበሞች ይዤ እሄዳለሁ፤ የቴዲንም የሃጫሉንም። ማጫወቻውን ማንም ሳይዘጋው እንሰማለን።

ልብ ያለው ልብ ይበል!