ከጥናቱ የወጡ መዝገቦች

ለማስተርስ መመረቂያ ጥናቴ መረጃ ስሰበስብ በካርድ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቁልል ነበረኝ። አንዱን «የተሟላ»፣ ሌላውን «ያልተሟላ» ብዬ ሰይሜዋለሁ። ከሁለተኛው ቁልል ውስጥ አንድ መዝገብ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ባለ አንድ ገጽ ነው። ሕፃኗ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገባች፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አረፈች። ክብደቷ ተጽፏል። «የሰውነት ሙቀት» ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። «የእርግዝና ዕድሜ» ከሚለው ፊት ደግሞ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተቀምጧል። ገጹን አየሁት፤ ወደ «ያልተሟላ» አስተላለፍኩት፤ ቀጣዩን ካርድ አነሣሁ።

ጥናቴ የጨቅላ ሕፃናትን ሞት መጠንና ተያያዥ ምክንያቶቹን የሚመረምር፣ ያለፉ ዓመታት የሕክምና ካርዶችን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያይ ነበር። በንድፈ ጥናቱ የዘዴ ምዕራፍ «ዋና ዋና ተለዋዋጮች ያልተመዘገቡባቸው ካርዶች ከጥናቱ ይወጣሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። ዓረፍተ ነገሩን እኔ አላሰብኩትም። ከእኔ በፊት ከተመረቁ ሰዎች ጥናት ወሰድኩት፤ እነርሱም ከቀደሟቸው ወስደውት ይሆናል። የግምገማ ኮሚቴው አልጠየቀኝም፤ የሥነ ምግባር ቦርዱም አልጠየቀኝም። እኔም ራሴን የጠየቅሁት ትንተናው ካለቀ በኋላ ነው።

ካርድ ለምን ሳይሟላ ይቀራል? ወደ ትምህርት ከመመለሴ በፊት በነርስነት ስላገለገልኩ መልሱን ማወቅ ነበረብኝ። በሌሊት ተራ አንዲት ነርስ ብዙ ሕፃናት ትጠብቃለች። የማይተነፍስ ሕፃን ሲመጣላት በአንድ እጇ ጭንብሉን ፊቱ ላይ ትይዛለች፣ በሌላው አየር መስጫውን ትጨምቃለች። ለመጻፍ ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋታል። ሕፃኑ ከተረፈ ቅጹ በነጋታው ይሞላል፤ አሥር ቀን ከተኛ የአሥር ቀን ጽሑፍ ይኖረዋል። በሦስት ሰዓት ውስጥ የሞተው ግን የሚጽፍለት ሳያገኝ ይቀራል። እንግዲህ የካርዱ መጉደል በዘፈቀደ የሚደርስ አይደለም። የሚጎድለው እጅግ የታመሙት ካርድ ነው። «ያልተሟላ ይወጣል» ስንል፣ ሳናውቀው፣ «ፈጥኖ የሞተ ይወጣል» እያልን ነው።

ይህ በስሌት ምን ያስከትላል? ለማስረዳት ብቻ ከአእምሮ የተወሰዱ ቁጥሮችን እንጠቀም። በአንድ ክፍል 400 ሕፃናት ተኝተው 80ዎቹ ቢሞቱ የሞቱ መጠን 20 በመቶ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የ60ዎቹ ካርድ ባይሟላና ከ60ዎቹ 30ዎቹ የሞቱ ቢሆኑ፣ ተመራማሪው በእጁ የሚቀሩት 340 ካርዶችና 50 ሞቶች ናቸው። የሚያትመው መጠን ከ15 በመቶ በታች ይሆናል። ከመጠኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን «ተያያዥ ምክንያቶች» በምንለው ላይ የሚደርሰው ነው። ሙቀታቸው ወርዶ ቶሎ የሞቱት ሙቀታቸው ሳይለካ ስለወጡ፣ በቀሩት ላይ የሚሠራው ሞዴል የሙቀት መውረድን ኃይል አሳንሶ ሊያሳየን ይችላል። ከዚያም «የሰውነት ሙቀት ከሞት ጋር ትርጉም ያለው ዝምድና አላሳየም» ብለን እንጽፋለን፤ የክፍሉ ኃላፊ ያነበዋል፤ ለማሞቂያ የተያዘው በጀት ወደ ሌላ ይዞራል። የጎደለውን በስታቲስቲክስ ዘዴ መሙላት ይቻላል የሚሉ ይኖራሉ። ዘዴው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የመጉደሉ ምክንያት በተመዘገቡት ሌሎች ተለዋዋጮች መገለጥ አለበት። የሌሊቷ ነርስ ጥድፊያ በየትኛውም ተለዋዋጭ ውስጥ አልተመዘገበም።

ጉዳዩ የአንድ ክፍል ብቻ እንዳይመስል የአገሪቱን ቁጥር ማስታወስ ያሻል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ነው የወረዱት። ከአምስት ዓመት በታች ከሚሞቱት ውስጥ የጨቅላዎቹ ድርሻ ከሦስት አንድ ገደማ የነበረው ከአምስት ሁለት በላይ ሆኗል ማለት ነው። በዓለም ደረጃም ከጨቅላ ሕፃናት ሞት ሦስት አራተኛው ገደማ የሚደርሰው በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው። ካርዶቻችን ባዶ የሆኑት ሞቱ በተከማቸበት ሰዓት ላይ ነው።

«የተሟላ» ባልነው ቁልል ውስጥ ያለውም ቢሆን ጠለቅ ብለው ሲያዩት ያጠራጥራል። የእርግዝና ዕድሜን እንውሰድ። እናት የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደነበር ስትጠየቅ «የፍልሰታ ጾም ሲገባ»፣ «ጥምቀት ሰሞን» ብላ ትመልሳለች። መልሷ ሐሰት አይደለም፤ ጊዜ የሚታወሰው በዚሁ ነው። መዝጋቢው ግን ከዚህ ተነሥቶ «36 ሳምንት ከ2 ቀን» ብሎ ይጽፋል፤ ተመራማሪው ደግሞ 37 ሳምንትን መለያ መስመር አድርጎ ሕፃኑን «ያለ ጊዜው የተወለደ» ከሚለው ወገን ያሰልፈዋል። የሁለት ሳምንት ስሕተት ሕፃኑን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያሻግረዋል። ሙቀትም ከዚህ አይሻልም። የተለመደው የመስታወት ቴርሞሜትር ከ35 ዲግሪ በታች አያነብም፤ ስለዚህ የ33 ዲግሪ ሕፃንና የ35 ዲግሪ ሕፃን በካርዱ ላይ አንድ ይሆናሉ። ምርመራውን በሚመለከት ደግሞ ሴፕሲስ የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚነግረን ሕፃኑ አንቲባዮቲክ መጀመሩን እንጂ በደሙ ውስጥ ምን እንደተገኘ አይደለም። የደም ካልቸር በሌለበት ቦታ ሐኪሙ ከዚህ የተሻለ ቃል የለውም። ቃሉ ለሕክምና የተጻፈ ነው፤ እኛ ነን ለምርምር እንደተጻፈ አድርገን የምንቆጥረው።

በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመው፣ በፕሮፌሰር ሉሉ ሙሄ የተመራው ጥናት ያስተማረን ብዙ ነው። በአምስት ሆስፒታሎች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ 4,919 ሕፃናትን መዝግቦ እስከ 28ኛ ቀናቸው ተከታተለ። 1,109ኙ ሞቱ። የሞቱን መንስኤ ለመወሰን የካርዱን ቃል ብቻ አልተቀበለም፤ የላቦራቶሪና የምስል ምርመራ፣ ወላጆች በፈቀዱ ጊዜም የአስከሬን ምርመራ ተደረገ። ከሞቱት 45 በመቶው ያልበሰለ ሳንባ በሚያስከትለው የአተነፋፈስ ችግር፣ 30 በመቶው በኢንፌክሽን፣ 14 በመቶው በመታፈን እንደሞቱ ታወቀ። ይህ ልዩነት ለውሳኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ለአንቲባዮቲክና ለሲፓፕ መሣሪያ የሚመደበው ገንዘብ አንድ አይደለምና።

«እሱ ትልቅ ገንዘብ ያለው ጥናት ነው፤ እኛ ጥቂት ወራትና የራሳችን ኪስ ነው ያለን» የሚል መልስ ይመጣል። እኔም ብዬዋለሁ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 በጆርናል ኦፍ ትሮፒካል ፔዲያትሪክስ የወጣውን የዶክተር ቦጋለ ወርቁንና የዶክተር አሳዬ ካሴን ጥናት ሳነብ መልሴ ሳሳ። ጥናቱ አዲስ አበባ ላይ የተሠራ ሲሆን ክብደታቸው ከ2000 ግራም በታች የሆኑ 123 ሕፃናትን ብቻ የያዘ ነበር። ጥያቄው አንድና ግልጽ ነው፦ የካንጋሩ የእናት እንክብካቤን ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳንጠብቅ ብንጀምረውስ? በዚያን ጊዜ የነበረው ምክር «መጀመሪያ ይረጋጋ» የሚል ነበር። በተለመደው እንክብካቤ ሥር ከነበሩት 38 በመቶ ሲሞቱ፣ በእናታቸው ደረት ላይ ቶሎ ከተደረጉት የሞቱት 22.5 በመቶ ነበሩ።

ከ16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበረውና በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄርያና በታንዛንያ 3,211 ሕፃናትን ያካተተው ሙከራ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ በጎ መልስ አገኘ፤ የሞቱ መጠን 15.7 በመቶ የነበረው በአፋጣኝ ካንጋሩ 12 በመቶ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ድርጅቱ ምክሩን ለወጠ። ዓለም በ123 ሕፃናት ብቻ ምክሩን መለወጥ ነበረበት አልልም፤ ናሙናው ትንሽ፣ ቦታውም አንድ ነበር። የምለው ሌላ ነው። ያ ጥያቄ በካርድ ክፍል ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው ማሞቂያ አልጋ ሞልቶ እናቲቱ በበሩ ቆማ ስትታይ ነው።

የሳንባ ምችንም በተመለከተ ተመሳሳይ ታሪክ አለን። እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት የታተመው፣ በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራው ጥናት፣ የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አነጻጽሮ ሪኬትስ፣ ማለትም የአጥንት መለስለስ፣ ከበሽታው ጋር ከ13 እጥፍ በላይ ዝምድና እንዳለው አሳየ። «ሕፃኑን ፀሐይ አሙቁት» የሚለው ምክር ለአጥንት ብቻ ሳይሆን ለሳንባም የሚነገርበት ምክንያት ተገኘለት። መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ይህን አያገኘውም፤ የጎድን አጥንቱን በጣት መዳሰስ ነበረበት።

ይህን ሁሉ ለአማካሪዬ ሳቀርብላቸው ጥቂት አሰቡና «ትክክል ነሽ፤ ግን ወደ ፊት ክትትል ብታደርጊ እስከ ሰኔ ትጨርሻለሽ?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ብቻዬን አልጨርስም። ሆኖም በየዓመቱ ወደ አንድ ሆስፒታል የምንሄድ ተማሪዎች እያንዳንዳችን ከዜሮ እየጀመርን፣ ተመሳሳይ መጠይቅ እያባዛን፣ ተመሳሳይ ባዶ ቦታ እየዘለልን እንመረቃለን። ትምህርት ክፍሉ አንድ አጭር የክትትል መዝገብ ቢከፍትና፣ ሕፃኑ በገባበት ሰዓት ሙቀቱን ዝቅተኛ ንባብ ባለው ቴርሞሜትር፣ የገባበትንና መጀመሪያ የታየበትን ደቂቃ፣ የእርግዝና ዕድሜውንና የተገመተበትን መንገድ ተማሪዎች በተራ እየገቡ ቢመዘግቡ፣ የእኔን ጀማሪ ሥራ የሚቀጥለው ሰው ይቀጥለዋል። ለአንድ ተማሪ ሁለት ወር የሆነው ለአምስት ተማሪዎች አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የእናቶች ፈቃድ ጉዳይ ከካርድ ጥናት ይልቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ወልዳ ሰዓታት ያልሞላትን፣ ልጇ በሌላ ክፍል የተኛባትን ሴት ማነጋገር ቀላል አይደለም። ግን መክበዱ ከጥያቄው የምንሸሽበት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ይህ እስኪሆን ደግሞ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። ካርድ ያስወጣ ተመራማሪ ከወጡት ውስጥ ስንቱ እንደሞተ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሞተ ይጻፍ። ውጤቱ በአብዛኛው በክፍሉ የመግቢያና መውጫ መዝገብ ላይ ይገኛል፤ ካርዱ ባዶ ቢሆንም። አማካሪዎችና ፈታኞችም ይህ ረድፍ የሌለበትን ሠንጠረዥ ይመልሱት።

እኔ ወደ ካርድ ክፍሉ ተመልሼ «ያልተሟላ» ያልኩትን ቁልል እንደገና ዘረጋሁት። ስድስት ቀን ወሰደብኝ። በሁለተኛው ሠንጠረዥ ግርጌ አንድ ረድፍ ጨመርኩ፤ በውይይት ምዕራፉም የሞት መጠኑ ከእውነተኛው ሊያንስ እንደሚችልና በየት በኩል እንደሚያንስ ጻፍኩ። ውጤቱን ለክፍሉ ሳቀርብ የነርሶች አስተባባሪዋ ስለ ሞዴሉ ምንም አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ የመግቢያ ቅጹን ነበር፤ የሙቀት መስመር ከሁለተኛው ገጽ ወጥቶ ከክብደቱ ጎን ቢታተም ይሻል እንደሆነ። አዲሱን ቅጽ አብረን እያረቀቅነው ነው።