ውሳኔው ዕቃው ካለበት ይሁን

እዚህ ቡቲዬም ሆነ ከኬላው ማዶ የምንነግድ ሰዎች አንድ የጋራ ልማድ አለን፤ ሁሉንም በእጃችን ካልያዝን እንቅልፍ አይወስደንም። ዋጋው በእኛ፣ ዱቤው በእኛ፣ ቁልፉ በእኛ። ባለቤቷ ለለቅሶ አዲስ አበባ ወይም ለዕቃ ናይሮቢ ከሄደች ሱቁ ክፍት ነው፣ ሥራው ግን ቆሟል። ልጅቷ «እትዬ ስትመጣ ይጠየቃል» ትላለች፤ ደንበኛው እሺ ብሎ ወደሚቀጥለው ሱቅ ያልፋል። ይህን ጥንቃቄ እንለዋለን። እኔ ኪሳራ ነው እላለሁ።

አንድ የሽንኩርት ጭነት እንውሰድ። አይሱዙው ኬላ ላይ ሁለት ቀን ቢያድር ሽንኩርቱ መበላሸት ይጀምራል። ዋጋ ቀንሶ ዛሬ መሸጥ እንደሚሻል የሚያየው ጆንያውን ከፍቶ የዳሰሰው ልጅ ነው። መወሰን የሚችለው ግን ስልኩ የማይነሳ ሰው ነው። ዓይን እዚህ፣ ሥልጣን እዚያ ሲሆን መሀል ላይ የሚበሰብሰው ገንዘባችን ነው። «የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል» እንደሚባለው፣ አጠገባችን ያለውን ሰው ዕውቀት እንንቃለን።

ኮሜርስ ስንማር ሄንሪ ፋዮል የሚባል ፈረንሳዊ የማዕድን መሐንዲስና ሥራ አስኪያጅ ነበር የሚጠቀሰው። በ1916 ባሳተመው ሥራው 14 የአስተዳደር መርሆዎችን ዘርዝሯል፤ አንዱ ሥልጣንን ማማከል ነው። እሱ ግን ሁሉም ነገር ወደ ላይ ይሂድ አላለም። ጉዳዩ የመጠን ነው፤ ምን ያህሉ ላይ፣ ምን ያህሉ ታች ይሁን የሚለው እንደ ድርጅቱና እንደ ሰዎቹ ይለያያል ነው ያለው። ለፈተና ያጠናነው ይህ ነገር ሞያሌ ላይ የዕለት እንጀራ ጥያቄ ነው።

ደግሞ ፈረንሳይ ድረስ መሄድም አያስፈልገንም። ጎረቤቶቻችን ቦረናዎች ጠቅላላውን ሕግ የሚመክሩት በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ነው። የዛሬው ከብት መቼ ውሃ ይጠጣ የሚለውን ግን ጉባኤው አይወስንም። ለዚያ በየኤላው ተራ የሚያስይዝ አባ ሄሬጋ አለ። ሕጉ አንድ ነው፣ ውሳኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ውሃው ሲቀንስና መንጋው ሲበዛ ተራውን የሚያስተካክለው ውሃውን የሚያየው ሰው ነው። ስምንት ዓመት የሚጠብቅ ከብት የለም።

ኬንያም ይህን በሕገ መንግሥት ደረጃ አስገብታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት 47 ካውንቲዎችን አቋቋመ፤ ከ2013 ምርጫ በኋላም አስተዳደሮቻቸው ሥራ ጀመሩ። በአገር ደረጃ ከሚሰበሰበው ገቢ ቢያንስ 15 በመቶ ለካውንቲዎች እንዲሰጥ ተደነገገ፤ ገንዘብ የሌለው ሥልጣን ስም ብቻ ነውና። አንቀጽ 176 ደግሞ ካውንቲው በተራው ሥራውንና አገልግሎቱን ወደ ታች እንዲያወርድ ይጠይቃል። ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። የካውንቲያችን መቀመጫ ማርሳቢት ከዚህ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከናይሮቢ የወጣው ሥልጣን ማርሳቢት ላይ ከቆመ፣ ለቡቲዬ ነጋዴ የተቀየረው አለቃው የተቀመጠበት ከተማ ብቻ ነው። ስለ በጀት የሕዝብ አስተያየት ሲጠየቅ «ይህን ጉዳይ እዚሁ ሞያሌ መጨረስ ለምን አይቻልም?» ብለን እንጠይቅ።

ታዲያ መንግሥትን የምንጠይቀውን በሱቃችን ካልሠራነው አፋችን ብቻ ነው የሚናገረው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ የጠዋቱ ዋጋ ለከሰዓት የማይሆንበት ጊዜ መጣ። እንዲህ ባለ ቀን የሚተርፈው ሱቅ ትልቁ ሱቅ አይደለም፤ ሻጩ ዋጋ የማስተካከል ፈቃድ ያለው ሱቅ ነው።

«ልጁ ቢሰርቀኝስ?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ አደራ የበሉም አሉ። ግን ሥልጣን መስጠት ማለት ሳጥኑን ከፍቶ መሄድ አይደለም። የኤምፔሳ ወኪሉን ተመልከቱ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ናይሮቢ ደውሎ አያስፈቅድም፤ ነገር ግን ወሰን አለው፣ የሚሠራበት የራሱ ገንዘብ አለው፣ የሠራው ሁሉ ይመዘገባል። ለእኛም የሚያስፈልጉት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

መጀመሪያ ወሰን። ሻጩ እስከ ስንት ሺሊንግ ቅናሽ ያድርግ፣ ለማንና እስከ ስንት ዱቤ ይስጥ፣ በጽሑፍ ይቀመጥ። ቀጥሎ መነሻ ገንዘብ፤ ለወዛደርና ለመኪና የሚከፍለው በእጁ ይኑር። ሦስተኛው መዝገብ ነው፤ ማታ ማታ ይጻፍ፣ በሳምንት አንድ ቀን አብረን እንየው። የማይለቀቅም አለ። የጉምሩክ ሰነድ፣ ብድር መበደር፣ በሰው ስም መፈረም ከባለቤት እጅ አይውጣ። አባ ሄሬጋም ተራ ያስይዛል እንጂ ሕግ አይለውጥም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ሻጩ በተሰጠው ወሰን ውስጥ፣ ያየውን አይቶ ወስኖ ቢከስር ከደመወዙ አትቁረጡበት። አንዴ ከቆረጣችሁ በኋላ ዕድሜ ልኩን ሳይደውል አይወስንም፤ እናንተም ከስልኩ አትላቀቁም። የሌባ ቅጣት ለሌባ ይሁን፣ ገበያው ለጣለው አይሁን።

ይህ የትርፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚህ ከተማ ብዙ ሱቅ የቆመው በአንዲት እናት ጭንቅላት ላይ ነው። ማን ስንት አለበት፣ ከማዶ ያለው ደንበኛ ማን ነው፣ ዕቁቡ መቼ ይወጣል፣ ሁሉን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እሷ አንድ ወር ሆስፒታል ብትተኛ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ አብሮ ይተኛል። ባለዕዳው ዝም ይላል፤ ደብተሩን ማንበብ የሚችል ሰው የለማ። ልጆቻችን ሥራውን የሚማሩት እኛ ከሞትን በኋላ ሳይሆን አጠገባቸው ቆመን ሲሳሳቱ ማረም ስንችል ነው።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ውሳኔ ብቻ ምረጡ። ትልቅ መሆን የለበትም፤ የስኳር ኩንታል ቅናሽ ሊሆን ይችላል። ለሻጫችሁ ወይም ለልጃችሁ ወሰኑን ጽፋችሁ ስጡ፣ ለአንድ ወርም ሳትደውሉ ቆዩ። ከዚያ መዝገቡን ክፈቱና የተረፈውንና የጠፋውን ራሳችሁ ደምሩ።