የቤተሰብ ዓምድ፦ ከምንጣፉ ሥር

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ አበው። አባባሉ ስለ ወንዝ የተነገረ ቢሆንም ስለ ጣራ ፍሳሽም ቢነገር ስሕተት የለበትም። በዛሬው ዓምዳችን በጦር ሰፈራችን የቤተሰብ መዝናኛ ሆኖ ስለሚያገለግለው ተጎታች ቤት ወለል እናወሳለን። የምናወሳውም ሌላውን ለመንቀፍ ሳይሆን በቅድሚያ ራሳችንን ለመሔስ ነው።

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ፣ በዚያ ቤት ሻይ ቡና የምታዘጋጀው የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት ወደ ቢሮአችን መጥታ፣ «መቶ አለቃ፣ በመስኮቱ ሥር ያለው ወለል እንደ ራሰ ዳቦ እየሰጠመ ነው፤ እባክዎ ይዩልኝ» አለችን። ሄደን አየን። ያየነው ግን ላዩን ብቻ ነበር። አዲስ የፕላስቲክ ምንጣፍ እንዲነጠፍ አዘዝን፤ ተነጠፈ፤ ቤቱም አማረ። በነሐሴ ይህችው እህታችን ደግማ ስታመለክት፣ «ክረምቱ ይውጣና ይታያል» ብለን መለስናት። በመስከረም አጋማሽ ልጇን አዝላ በቆመችበት ወለሉ ተሰብሮ እግሯ እስከ ጉልበቷ ገባ። ሕፃኑ አንዳች አልሆነም፤ እርሷ ግን ለሦስት ሳምንት በምርኩዝ ሄዳለች። ባለቤቷ በግዳጅ ላይ ስለነበር ወሬውን የሰማው ከሰው አፍ ነው። ሠራዊቱ በግዳጁ ላይ ልቡ የሚያርፈው ቤተሰቡ በደኅና ወለል ላይ መቆሙን ሲያውቅ መሆኑን ለሌላው የምናስተምረው እኛ ነበርን።

ምንጣፉ ሲገለጥ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ወለሉ ስስ የእንጨት ልጦች በማጣበቂያ ተደራርበው የተሠራ ኮምፔርሳቶ ነው። ልጦቹ ውሃ ሲጠጡ ያብጣሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይላቀቃሉ። እርጥበቱ ሲቆይ ደግሞ እንጨት አበስባሽ ፈንገስ ይራባባቸዋል። ይህ ፈንገስ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ሊያድግ አይችልም። እኛ ያስነጠፍነው ፕላስቲክ ግን እርጥበቱን አፍኖ በመያዝ አመቻቸለት። መሸፈኛው ራሱ ማበስበሻ ሆነ ማለት ነው።

ስለሆነም እንዲህ ያለ ችግር የሚገጥመው ቤተሰብ ሁሉ ቅደም ተከተሉን እንዲጠብቅ እናሳስባለን።

በመጀመሪያ የውሃው መግቢያ ይፈለግ። ውሃ በአንድ ወገን ገብቶ፣ በግድግዳው ውስጥ ተጉዞ በሌላ ወገን ሊወጣ ይችላል። አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ እየተመለከተ፣ ሌላው ከውጭ በጄሪካን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ ያፍስስ። የእኛን ቤት የጎዳው መስኮቱ ሳይሆን ከበላዩ ያለው የጣራው መጋጠሚያ ነበር፤ ማሸጊያው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አሮጌው ማሸጊያ ተፍቆ ሳይነሳ አዲስ ቢደረብበት አይይዝም።

ቀጥሎ የጉዳቱ ወሰን ይለይ። ወለሉን በካቻቢቴ ጫፍ ጫን እያሉ መሞከር ነው፤ ካቻቢቴው የሚሰምጥበት ሁሉ በስብሷል። እኛ አንድ ክንድ የገመትነው ሦስት ክንድ ሆኖ ተገኝቷል። ከመቁረጥ አስቀድሞ ኤሌክትሪኩ ይቋረጥ፤ ከሥር ገመድና ቧንቧ ሊኖር ስለሚችል መጋዙ ከወለሉ ውፍረት አይለፍ። ሻጋታ የሚፍቅ ሰውም አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ክፍቱ ቦታ አየር እየተዘዋወረበት እስኪደርቅ፣ ሳምንታት ቢወስድም፣ ይጠበቅ። የዛገው ብረት በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ። የበሰበሰ ሞራሌ ይለወጥ፤ በከፊል ብቻ የተጎዳ ከሆነ ጤናማ አዲስ ሞራሌ በጎኑ ተደርቦ በብሎን ይታሰር። አንዳንዶች የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትን ይመክራሉ፤ ሕፃናት በሚውሉበት ክፍል ግን ሽታውም መርዙም ስለሚጎዳ አይደረግ።

በመጨረሻ ከአሮጌው ጋር እኩል ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ ይገጠም። ውሃን ይበልጥ የሚጠጣው በጠርዙ በኩል ስለሆነ ጠርዞቹ አስቀድመው በዘይት ቀለም ይቀቡ። ጫፎቹ በሞራሌ ላይ ይረፉ እንጂ በአየር ላይ አይንጠልጠሉ። ተጎታች ቤት በጉዞ ስለሚንገጫገጭ ምስማር ይላላል፤ በብሎን ማሰሩ ይመረጣል።

የእኛ ጥገና በዚህ ሁኔታ በጥቅምት መጨረሻ ተፈጽሟል። ሰኔ ላይ ቢሆን ኖሮ አንድ ቱቦ ማሸጊያና የግማሽ ቀን ሥራ በበቃው ነበር። ይህን የተናገረችው እህታችን ሁለት ጊዜ መጥታ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች፤ በዚህ ዓምድ በግልጽ ይቅርታ እንጠይቃታለን።

ከእንግዲህ በመዝናኛው በር ላይ አንድ መዝገብ ተንጠልጥሏል። ማንኛዋም የቤት እመቤት ያየችውን ጉድለት ከነቀኑ ታሰፍርበታለች። ሥራው ተፈጽሟል ብላ የምትፈርመውም አመልካቿ ራሷ እንጂ ቢሮው አይደለም።

የመጀመሪያውን ፊርማ ያኖረችው እርሷ ናት። ከመፈረሟ በፊት ግን በመስኮቱ ሥር ቆማ፣ ምንጣፉ ገና ባልተነጠፈበት አዲሱ ወለል ላይ፣ ተረከዟን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ አዳምጣለች።