ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የኖቤል ሽልማት

የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ በጥቅምት 2024 ይፋ ያደረጋቸው ሁለት የኖቤል ሽልማቶች በሳይንስ ማኅበረሰብ ዘንድ ሰፊ ክርክር አስነስተዋል። የፊዚክሱ ሽልማት የሰው ሠራሽ የነርቭ መረቦችን መሠረት ለጣሉት ለጆን ሆፕፊልድና ለጂኦፍሪ ሂንተን ተበርክቷል። በማግስቱ የተገለጸው የኬሚስትሪ ሽልማት ግማሹ ለዴቪድ ቤከር፣ ቀሪው ግማሽ ደግሞ ለጉግል ዲፕማይንድ ተመራማሪዎች ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር ተሰጥቷል።

አልፍሬድ ኖቤል እ.ኤ.አ በ1895 የፈረሙት ኑዛዜ የኮምፒውተር ሳይንስን አይጠቅስም። ለዘርፉ ከ1966 ጀምሮ የሚሰጠው ከፍተኛ ሽልማት የቱሪንግ ሽልማት ሲሆን፣ ሂንተንም የ2018ቱን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ተቀብለዋል። በመሆኑም የኮምፒውተር ምርምር በተፈጥሮ ሳይንስ መሸለሙ ተገቢ ነውን? የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

የኬሚስትሪው ሽልማት አሳማኝ ምላሽ አለው። ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ሲሆን፣ ሥራውን የሚወስነው ሰንሰለቱ ተጣጥፎ የሚይዘው ቅርጽ ነው። ከሰንሰለቱ ቅደም ተከተል ተነስቶ ቅርጹን መተንበይ ተመራማሪዎችን ለ50 ዓመታት ያህል ሲፈትን ቆይቷል። አልፋፎልድ የተሰኘው ሥርዓት በ2020 በብዙ ፕሮቲኖች ላይ ከላቦራቶሪ ልኬት ጋር የሚቀራረብ ውጤት አስመዝግቧል። ጥያቄው የኬሚስትሪ ነው፤ መልሱም በላቦራቶሪ ሊረጋገጥ የሚችል ነው።

የፊዚክሱ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። ሆፕፊልድ በ1982 ያቀረቡት መረብ የተነሳው በመግነጢሳዊ ቁሶች ውስጥ አተሞች አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ ከሚገልጸው ስሌት ነው። የሂንተን ሥራም በስታቲስቲካል ፊዚክስ ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁን እንጂ ከፊዚክስ ስሌት ተውሶ መሣሪያ መሥራት ስለ ተፈጥሮ አዲስ ዕውቀት ከማስገኘት ጋር አንድ አይደለም። እርግጥ አካዳሚው መሣሪያን ሲሸልም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ጉስታፍ ዳሌን በ1912 በመርከብ ማመላከቻ መብራቶች አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ፣ ጃክ ኪልቢም በ2000 ለኤሌክትሮኒክስ ቺፕ መፈጠር ባደረጉት አስተዋጽኦ ተሸልመዋል። ስለዚህ ውሳኔው ከልማድ የወጣ ባይባልም፣ ከኬሚስትሪው ጋር ሲነጻጸር መከራከሪያው የላላ ነው።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ሌላ ነው። አልፋፎልድ የሠለጠነው እ.ኤ.አ ከ1971 ጀምሮ በተከማቸው የፕሮቲን ዳታ ባንክ መረጃ ነው። በባንኩ የሚገኙትን ቅርጾች የዓለም ላቦራቶሪዎች አንድ በአንድ፣ ብዙ ጊዜም በዓመታት ልፋት ለክተው ያስገኟቸው ሲሆን ውጤቱንም ለሁሉም ክፍት አድርገዋል። አንድ የኖቤል ሽልማት ግን ከሦስት ሰዎች በላይ ሊጋሩት አይችልም፤ የእነዚህ ባለሙያዎች ስምም በመድረኩ ላይ አይነሳም።

የምርምር በጀት የሚመድቡ አካላት ከሽልማቱ የተሳሳተ ትምህርት ወስደው ገንዘቡን ከልኬት ወደ ስሌት ቢያዞሩ፣ መሣሪያው ራሱ የሚማርበት ምንጭ ይደርቃል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጥሮን ጥያቄ ሲመልስና መልሱም በሙከራ ሲረጋገጥ ሽልማቱ ይገባዋል። ክብሩ የተሟላ የሚሆነው ግን መረጃውን ላስገኙት ላቦራቶሪዎች የሚደረገው ድጋፍ ሳይቋረጥ ሲቀጥል ነው።