ባሕር የለንም፤ ጎረቤት ግን አለን



ሰሞኑን አንድ ተከታታያችን በውስጥ መስመር "ዶክተር፣ እንደ ኮሮና ያለ ወረርሽኝ ነገ ተመልሶ ቢመጣ እንችለዋለን ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት ጀመርኩና ረዘመብኝ። ስለዚህ እዚሁ ለሁላችሁም ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ ሞሪሺየስ ትንሽ ላውራ። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች፣ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ደሴት ናት። መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ 3 ታማሚዎች መገኘታቸውን አሳወቀች። በማግስቱ ድንበሯን ዘጋች። መጋቢት 11 ሰው ያለ በቂ ምክንያት ከቤት እንዳይወጣ ታወጀ። ቀጥሎ ሱፐርማርኬትና ዳቦ ቤት ሳይቀር ለቀናት ተዘጋ፤ ሲከፈትም ሰው በቤተሰብ ስሙ የመጀመሪያ ፊደል ቀን እየተመደበለት ነው አስቤዛ የገዛው። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከ350 ያነሰ ሰው ተይዞ 10 ሰው ሞተ። ከሚያዝያ በኋላ ለወራት ያህል እዚያው አገር ውስጥ የሚተላለፍ በሽታ አልታየም።

ይህን ስናገር ሁሌ የሚመጣልኝ መልስ "እነሱማ ደሴት ናቸው፣ ዙሪያቸው ባሕር ነው" የሚል ነው። እውነት ነው። ግን ነገሩ በዚህ ብቻ አያልቅም።

ሰው ይረሳል እንጂ እኛም አልተኛንም ነበር። የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ የተገኘው መጋቢት 4 ነው። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 14 በአውሮፕላን የሚገባ ሁሉ ለ14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ መደረግ ጀመረ፣ የየብስ ድንበርም ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በቀን ከቆጠርነው ይሄ ዘገየ የሚባል አይደለም።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ቦሌ አንድ በር ነው። መተማ ግን አንድ በር አይደለም። ኬላው ቢዘጋም በግራ በቀኙ የእግር መንገድ አለ፤ ከሱዳን የሚመለሰው የቀን ሠራተኛ ደግሞ መንገዱን ከእኔና ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። እዚህ ቦታ ላይ ባሕር ሊሆነን የሚችለው ሰውዬው ራሱ "ከዚያ ነው የመጣሁት፣ አሞኛል" ብሎ መናገሩ ብቻ ነው።

እንዲናገር አድርገነዋል ወይ? እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር።

ያኔ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ተቋርጦ ጎንደር ቤተሰብ ጋ ተቀምጫለሁ። አንድ የሰፈራችን ልጅ ከመተማ በኩል ተመለሰ። በአንድ ቀን ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ "ኮሮና ይዞ መጣ" አለ። ለእናቱ ቡና የሚጠራት ጠፋ። ልጁ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲጀምረው ዝም አለ፣ እናቱም ዝም አለች። እኔስ? ስለ በሽታው ከሰፈሩ ሰው የተሻለ አውቃለሁ። ርቀቴን ጠብቄ በር ላይ ቆሜ "እንዴት ነህ?" ማለት እችል ነበር። ግን በዚያ በኩል ማለፉንም ተውኩት። ልጁ በአምስተኛው ቀን በሰው ድጋፍ ጤና ጣቢያ ደረሰ። ሲመረመር ወባ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ግን ቆላ ደርሶ ለመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን መታየት የነበረበት በሽታ፣ በእኛ ፍርሃት ምክንያት አምስት ቀን ቆየ። በኋላ ስጠይቀው "ምን ይሉኛል ብዬ ነው" አለኝ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እንላለን። እኔ የምጨምረው፣ ብዙ ጊዜ በሽታውን የሚያስደብቀው ጎረቤት ነው።

ጉዳዩ የኮሮና ብቻ አይደለም። በ2015 ክረምት ቋራ፣ በርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ላይ ኮሌራ ገብቶ ነበር። ጠበልተኛው ከየአገሩ የመጣ ነው፣ ወደየአገሩም ይመለሳል። እንዲህ ሲሆን በሽታው በጊዜ የሚታወቀው ዳባትም ይሁን ደባርቅ ቤቱ ገብቶ ተቅማጥ የጀመረው ሰው ሳያፍር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሲናገር ነው። ኮሌራ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሕክምና ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ሌላም ነገር አለ። ሞሪሺየስ ሰውን ቤት ስታስቀምጥ ለብዙ ሠራተኞች ደሞዝ ደግፋለች። የእኛ የቀን ሠራተኛ ዛሬ ካልወጣ ማታ የሚበላው የለውም። "14 ቀን ቤትህ ተቀመጥ" ብሎ መሄድ ቀላል ነው፤ እንጀራውን ማን ያመጣለታል? በእኔ እምነት ለዚህ የተሻለው ነገር በእጃችን ያለው እድር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከልና ንፍሮ ለመቀቀል በአንድ ሰዓት የሚሰበሰብ ሰው፣ ሰው ሳይሞት በር ላይ ምግብ ማስቀመጥ አያቅተውም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄው ነው።

እውነቱን ለመናገር በር መዝጋት ብቻውንም አያድንም። ሞሪሺየስ በ2014 መጀመሪያ ድንበሯን ሙሉ በሙሉ ከከፈተች በኋላ በሽታው ገብቶ ብዙ ሰው ሞቶባታል። መዝጋቱ የሰጣት ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ ክትባት ደረሰላት። ያ ክትባት ባይኖር ጉዳቱ ከዚያም በላይ በሆነ ነበር።

ስለዚህ ለጠየቅኸኝ ወንድሜ መልሴ፦ እንችላለን፣ ግን ከአሁኑ ከተለማመድነው ነው። እንዴት?

👉 ያልተለመደ ትኩሳት፣ ድንገተኛ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ ወይም በአንድ ሰፈር ብዙ ሰው በተመሳሳይ ሕመም ሲታመም ካያችሁ ለጤና ጣቢያ ወይም በነጻ ስልክ 8335 ተናገሩ።

👉 ከቆላ ወይም ከድንበር አካባቢ መጥታችሁ ካመማችሁ፣ ከየት እንደመጣችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። አንሰድባችሁም፤ ሕክምናችሁን ያፈጥነዋል።

👉 የታመመ ሰው ስምና ፎቶ ቴሌግራም ላይ አታዙሩ። አንድ ሰው ስታሳፍሩ አሥር ሰው ይደበቃል።

👉 በቀጣዩ የእድር ስብሰባ አንድ ጥያቄ አንሱ፦ "ቤቱ እንዲቀመጥ የታዘዘ ጎረቤት ቢኖረን ማን ምን ያደርሳል?"

የእናንተ ሰፈርስ ያኔ እንዴት ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። ለእድራችሁ ሊቀመንበርም ሼር አድርጉላቸው።

ጤናችሁ ይብዛ 🙏